በነጋሲ ስም

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ስወርድ አገኘኋቸው። ጀርመን አገር ከምኖርበት ከጻይልስሃይም ወደ ሄክስት ጣቢያ የሚወስደኝ የማለዳ አውቶቡስ ሊደርስ ነው። እሱ ካመለጠኝ ግሪስሃይም የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሺሽቴ፣ የሥራ ፈረቃዬ፣ ሳልደርስ ይጀመራል፤ አለቃችን ደግሞ ያረፈደ ሰው ማየት አይወድም። ሽርጤን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ፣ ሻርፔን በአንድ እጄ እየጠመጠምኩ ነው። የታችኛው በር ተከፍቶ ቀዝቃዛው አየር ከፋብሪካው ሽታ ጋር ገባ። ተከትለው ሦስት ሰዎች ገቡ።

ከፊት ጋሽ ሐዲስ ነበሩ። ጋሽ ሐዲስ አዲስ አበባ የታሪክ መምህር ሆነው ኖረው የተሰደዱ፣ እዚህ ያለነው ስንጣላ የሚያስታርቁን፣ ስንሞት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተከራክረው የሚያስቀብሩን ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ ጉሮሯቸው ቆልፈው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቀጥላ ሰብለወንጌል፣ ከመሀላችን መኪና ያላት፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ። በመጨረሻ ሰይፈ ገብርኤል፤ የስደተኛውን መጽሔት የሚያዘጋጀው፣ ድሮ የራዲዮ ጋዜጠኛ የነበረው፣ የወንድሜ የተካልኝ እኩያ።

ጎሕ ሳይቀድ፣ ሽማግሌ ከፊት፣ ሴት ከመሀል፣ ባርኔጣ በእጅ። እንዲህ ሆኖ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ ነገር አንድ ብቻ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ጉለሌ ቤታችን ደጃፍ ላይ እንዲሁ ነበር የቆሙት፤ ያኔ በካፖርቱ ፈንታ ጋቢ ነበር። ሻርፔ ከእጄ ወደቀ። ጮህኩ።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ጎረቤቴ ኣስካሉ በኋላ እንደነገረችኝ ቃል አልነበረውም፣ ስምም አልጠራሁም። የዚያን ቀን ያተረፈን እሱ ነው።

ሰይፈ ገብርኤል ሁለቱን አልፎ ደረጃውን ወጣና ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጽጌ፣ መርዶ አይደለም። ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው። ገና ምንም አላወቅንም» አለኝ። «ገና» የምትለዋን ቃል ሲላት ሰማኋት፤ እሱም ራሱን ሰማ።

ሰይፈ ገብርኤልን የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት ከሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር እንጂ ከእሱ አይጠብቅም። ስልክ ከቤቱ አይደውልም፤ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሄዶ ከቢጫዎቹ የስልክ ሳጥኖች አንዱን ይመርጣል፣ የዛሬውን ሳጥን ነገ አይጠቀምበትም። ከአገር ቤት ወሬ ያደረሰለትን ሰው ስም ለሚስቱም አይነግርም ይባል ነበር፤ ሚስት ባይኖረውም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያላረጋገጡለትን ነገር አያትምም፤ በዚህ የተነሳ የመስከረሙ መጽሔት ኅዳር ላይ ይወጣል። የምጽአት ቀን እንኳ ቢመጣ ሰይፈ ሁለተኛ ምንጭ እስኪያገኝ ዜናውን ያቆየዋል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ግን አይቸኩልም።

ያ ሰው ነው የሳተው። ሥራ ሳልሄድ እንዲያገኘኝ ማልዶ መጣ። ብቻዋን ወደምትኖር ሴት ቤት ወንድ ብቻውን አይሂድ ብሎ ጋሽ ሐዲስን ለመነ። በዚያ ሰዓት ጋሽ ሐዲስን ከቤታቸው ለማምጣት መኪና ያስፈልግ ነበርና ሰብለወንጌልን ቀሰቀሰ። እያንዳንዱን ነገር አስቧል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ምን እንደሚመስሉ ግን ሦስቱም አላሰቡትም። ለጀርመን ብንሆን ሦስት እንግዳ ነን፤ ለአበሻ ግን ቃል ሳንናገር ተናግረን ነበር፣ አለኝ ከዓመታት በኋላ፣ ራሱን ይቅር ሳይል።

ክፍሌ ውስጥ ጋሽ ሐዲስ ካለኝ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰብለወንጌል አልጋዬ ላይ አቅፋኝ ተቀመጠች። ፎቅ የምትኖረው ኤርትራዊቷ ጎረቤቴ ኣስካሉ ጩኸቴን ሰምታ በባዶ እግሯ ወርዳ ስለነበር ማንም ሳይጋብዛት በሩን ዘግታ ተደግፋው ቆመች። ማንም ውጪ አላላትም። ሰይፈ ገብርኤልም ቆሞ ቀረ። ወረቀትም እስክሪብቶም አላወጣም።

ወንድሜ ሻምበል ተካልኝ የግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ አስመራ ላይ ከተያዙት መኮንኖች አንዱ ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ እስር ቤት እንደገባ ካወቅን ዓመት አልፏል። እናታችን በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ በሩ ድረስ ትሄዳለች፤ ስንቁን ይቀበሏታል፣ ልጇን ግን አሳይተዋት አያውቁም። እኔም በየእሑዱ እደውልላታለሁ፤ ተቀበሉኝ ትለኛለች። መኖሩን የምናውቀው በዚህ ነበር።

«ምን ልትጠይቀኝ ነው?» አልኩት።

«ተካልኝ አካሉ ላይ ምልክት አለው?»

«ምን ዓይነት ምልክት?»

«እሱን አልነግርሽም። አንቺ ንገሪኝ።»

ጋሽ ሐዲስ ቆጣ አሉ። ልጅቷን ምን ታንከራትታታለህ፣ የምታውቀውን ነግረሃት ነው ወይም አይደለም ብትላት ምን አለበት ዓይነት ነገር ተናገሩ። ሰይፈ ገብርኤል ድምፁን ሳያነሳ መለሰላቸው። ምልክቱን ከነገርኳት አዎ ትለኛለች፤ ያኔ ያለችው አውቃ ይሁን ፈርታ አላውቅም፣ አላቸው። የሌላ ሰው እናት በተሳሳተ ስም እንድታለቅስ አላደርግም።

ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ቦታ አንድ ሰው አንድ አስከሬን አይቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ከሩቁ ጀመርኩ። ግራ ቅንድቡ ላይ በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ የተሰነጠቀበት አለ አልኩ። ፊቱ አልተለወጠም። ትከሻው ላይ የክትባት ጠባሳ አለ አልኩ። አሁንም አልተለወጠም። እዚህ ጋ አቁሚ፣ ጨርሰሻል፣ ሌላ ምልክት የለውም አልኩ ለራሴ። ሌላ ሰው ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለው፣ የሌላ እህት ወንድም ነው።

«ሌላስ?» አለ ሰይፈ ገብርኤል።

ዝም ብል ተካልኝ የሚኖር መሰለኝ። ጋሽ ሐዲስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩታል። ከመስኮቱ ማዶ ጀርመኖቹ ሁለቱን አገራቸውን አንድ ያደረጉ ሰሞን ስለነበር የጎረቤቱ ባንዲራ በዝናብ ርሶ ተንጠልጥሏል።

«ክንዱ ላይ» አልኩ። «የቀኝ ክንዱ ውስጠኛው በኩል። እጩ መኮንን ሳለ ዩኒፎርሙን ሲተኩስ የከሰል ካውያው ተከፍቶ ፍም ወደቀበት። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ይኮራባት ነበር፤ ሳልዋጋ የቆሰልኩ መኮንን ይል ነበር።»

ሰይፈ ገብርኤል ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ሰው ያስፈልገኝ ነበር» አለ። «ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ።»

ለሰው ሁሉ መርዶውን የሚነግረው ሽማግሌ አለው። ለእኔ የነገረኝ የገዛ አፌ ነው።

ልጮህ ስል ኣስካሉ መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። ለምን እንዳደረገችው ያኔ አላወቅሁም፤ እሷ ግን ከሰይፈ ገብርኤል ዓይን የሆነ ነገር አንብባ ነበር። እሱ በቶሎ፣ በሹክሹክታ ተናገረ። እስር ቤቱ ውስጥ ቁስል የሚያክም አንድ ድሬሰር አለ። የአስመራው ሻምበል ሲባል የሰማውን እስረኛ አስከሬን አጥቦ የገነዘው እሱ ነው፣ ክንዱን ያየም ከእሱ ሌላ የለም። መልእክቱን የላከው በከባድ መኪና ሾፌር በኩል፣ በቃል ብቻ ነው። እስር ቤቱ ለማንም አልተናገረም። አሁን ወሬው ጉለሌ ከደረሰ እናትሽ አስከሬኑን ስጡኝ ብላ በሩ ላይ ትወድቃለች፤ ማን ነገረሽ ይባላል፤ ጣታቸው የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው። ሰውዬው ፈቃድ ጠይቆ በሞያሌ ሊወጣ እየተዘጋጀ ነው። እስኪወጣ ድረስ ተካልኝ አልሞተም።

እስከ መቼ ነው አልኩት። አላውቅም አለኝ። የድሬሰሩን ስም ጠየቅሁት። እስከ ዛሬ አላውቀውም።

በሩ ተንኳኳ። ተናኘ እንደሆነች ከአንኳኳቷ አወቅን። ተናኘ ታችኛው ፎቅ ነው የምትኖረው። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለታመመ ሾርባ የምታደርስ፣ ለወለደች የምታርስ ሴት ናት። የሰማችውን ግን ማሳደር አትችልም። ቦን ኤምባሲ ዘመድ አላት ይባል ነበር፣ አገር ቤትም በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ሰይፈ ገብርኤል ከወለሉ ሳይነሳ ዓይኑን ጨፈነ። እሱ የማይዋሽ ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት አንድም ሊላት የሚችለው ነገር አልነበረውም።

ኣስካሉ በሩን ከፈተችው።

«ማን ሞተ?» አለች ተናኘ።

«የኔ ወንድም» አለች ኣስካሉ። «ነጋሲ። ለጽጌ ነግሬያት ነው የጮኸችው።» ይህን ብላ ነጠላ ስላልያዘች የሰብለወንጌልን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ሳብ አድርጋ ራሷ ላይ ጣለችና፣ «ነጋሲ ሓወይ፣ ነጋሲ ወንድሜ» ብላ ጀመረች። ተናኘ ደረቷን ደቃች። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመን አልነበረም።

ልቅሶው ከፎቅ፣ ከኣስካሉ ቤት ተቀመጠ። ሃውስማይስተሩ፣ የቤቱ ጠባቂ ጀርመን፣ ይህን ሁሉ ጫማ ደረጃው ላይ ሲያይ ሊቆጣ ወጥቶ ነበር፤ ጋሽ ሐዲስ በጀርመንኛ አስረድተውት ከምድር ቤት ተጣጣፊ ወንበሮች ይዞ ተመለሰ። እኔ ውሸት መስሎኝ የዚያን ቀን ሲመሽ፣ ሰዉ ሻይ ሲጠጣ፣ ማድቤቷ ውስጥ እጇን ይዤ አመሰገንኳት። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ባልሞተ ወንድምሽ ላይ አሟረትሽልኝ አልኳት።

ኣስካሉ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን አልዘጋችውም።

«ሞቷል እኮ» አለችኝ። «ክረምት ላይ ነው የሞተ። ከታጋዮቹ ሜዳ በካርቱም የመጣ ጓደኛው ነገረኝ።»

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

የኛ ሰዎች ጦርነቱ እስኪያልቅ አይለቀስም ይላሉ አለችኝ። ደግሞስ ላንቺ እንዴት ብዬ? ወንድምሽ አስመራ መትረየስ ይዞ ኖሮ፣ ነጋሲ ከማዶ ሆኖ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሌሊት ሌሊት ትራሴን አፌ ውስጥ አድርጌ አለቅሳለሁ፤ አንቺ ከታች የራዲዮ ድምፅ መስሎሽ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስትል ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ እየደፋች ነበር። እኔ ለወራት ከታች ተኝቼ ምንም አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ማልቀስ ተማርኩ። ሰው ማልቀስ መማር ያለበት አይመስለውም። በተለየ ስም ማልቀስ ግን የሚለመድ ነገር ነው። ከሥራ ስመለስ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቀጥታ ፎቅ እወጣለሁ፣ ከኣስካሉ ጎን እቀመጣለሁ፣ ነጋሲ እላለሁ። እሷ ረጅሙ ነጋሲ ስትል አጭር እንደነበር አላውቅ፣ ጠይም እንደነበር አላውቅ፣ እሷ ያለችውን ተከትዬ እላለሁ። ከጴንጤዎቹ ገነትና ጓደኞቿ መጥተው ቀስ ብለው ዘመሩ፤ ከግሪስሃይም ኤርትራውያን መጡ፣ ከእኛም ወገን የመጣ መጣ፣ የቀረ ቀረ። ነጋሲ ከየት ወገን እንደሞተ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላነሳውም። ጋሽ ሐዲስ በየቀኑ መጥተው በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ለማን እንደመጡ የምናውቀው እኛ ነን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አመለጠኝ። አንዲት ሴት ስለ ነጋሲ እናት አንስታ ስትገጥም እናቴ በእስር ቤቱ በር ላይ አገልግሏን ይዛ ታየችኝና «ተካ» የሚል ከአፌ ወጣ። ቀሪውን የስሙን ክፍል ሳልጨርስ ኣስካሉ ተነስታ ደረቷን በሁለት እጇ ደቃች፣ ቤቱን የሚያናውጥ ድምፅ አወጣች። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት። የኔ ቃል ከሥር ጠፋ። ተናኘ ግን ሻይ ይዛ እየዞረች ነበርና ቆም ብላ አየችኝ።

ማድቤት ውስጥ ጠበቀችኝ። «አንቺስ ከባለ ሐዘኗ በለጥሽ» አለችኝ። «ወንድምሽ ያን ሁሉ ዘመን ሲወጋቸው ኖሮ፣ አንቺ ለነጋሲ ይህን ያህል?»

ጋሽ ሐዲስ ከበሩ አጠገብ ሆነው ሰምተዋት ኖሯል።

«ተናኘ» አሏት፣ «እንባዋን ልትለኪው ነው? በይ ልጄ፣ ለኔም ሻይ ድገሚኝ፤ ስኳሩን አሳንሺው።»

ተናኘ እየሳቀች ሄደች። የሷ ነገር እንዲህ ነው፤ ጠይቃ መልሱን ሳትጠብቅ ትሄዳለች። እኔ ግን እጄ እስኪሞት ድረስ የማድቤቱን ጠረጴዛ ይዤ ቆሜ ነበር።

እሑድ መጣ። ሄክስት ጣቢያ ካለው ስልክ ሳንቲሞቼን ደርድሬ ደወልኩ። እናቴ በጎረቤት ስልክ ነው የምትቀርበው፤ ሮጣ ስለምትመጣ መጀመሪያ የምሰማው ትንፋሿን ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ስንቁን ተቀበሉኝ» አለችኝ። «ዛሬማ ሳህኑንም አጥበው መለሱልኝ። እሱ ነው ያጠበው፤ ዘበኛ መቼ ሳህን ያጥባል? ደህና ነው ማለት ነው።»

ሳንቲሙ ወደ ውስጥ ወረደ። ከኋላዬ አንድ ጀርመን ተራውን እየጠበቀ ነበር።

«እሰይ እማዬ» አልኳት።

በማግሥቱ ሺሽቴን ስጨርስ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። መጽሔቷ የምትዘጋጀው እዚያው ግሪስሃይም፣ በባቡር ሐዲዱ ጥግ ባለ መጋዘን ውስጥ በተከራዩት ክፍል ነበር። በእግሬ ሄድኩ። ሰይፈ ገብርኤል እጅጌውን ሰብስቦ የማባዣውን ማሽን ሲሊንደር በጨርቅ ያጸዳል፤ ቀለሙ እስከ ክርኑ ደርሷል። ክፍሉ የስቴንስል ሰም ወረቀትና የታሸገ ሾርባ ይሸታል። እዚያው ነበር የሚያድረው፤ ከዚያ በፊት አላወቅሁም።

ስለ ሳህኑ ነገርኩት። እናቴ ለሞተ ሰው ምግብ እየተሸከመች ነው፤ እነሱ ይበሉታል፣ አጥበው ይመልሱላታል፣ እሷ ትመርቃቸዋለች። ዛሬ ልደውልላት ነው አልኩት። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ እውነት ታትም የለም ወይ? ይኸው እውነት። አትምልኝ።

አልተከራከረኝም። ጨርቁን አስቀመጠ።

«ደውይላት» አለኝ። «የምከለክልሽ እኔ ማነኝ? እኔ ቤትሽ ድረስ መጥቼ ከጉሮሮሽ አውጥቼ የወሰድኩ ሰው ነኝ። ብቻ ሰውዬው ያለውን ልንገርሽ፣ ከዚያ የፈቀድሽውን አድርጊ። ለመጽሔት ብሎ አይደለም የተናገረው። ሙቅ ውሃ ለምኖ ነው ያጠበው። እናት ካለችው ስንቅ ማመላለሱን ትተወው ብላችሁ ንገሩልኝ ነው ያለው።»

«ታዲያ ይነገራት እያለ ነው እኮ።»

«አዎ። ቤቱ ግን ከእስር ቤቱ ጀርባ ነው። ልጆቹም እዚያው ናቸው። አስቀድሞ እነሱን ማውጣት አለበት።»

ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ስቴንስል ተዘርግቶ ነበር። ሻምበል ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባዶ ቦታ ትቷል፤ ስሙ የሚገባበት። ርዝመቱን አስተካክሎ ነው የተወው፣ ከተካልኝ አይበልጥም አያንስም።

«ጽጌ፣ እኔ ደክሞኛል» አለኝ። «ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ በደስታ የምዘል የነበርኩ ሰውዬ ነኝ። አሁን አንድ ሰው እውነት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የማስበው ማን ይሞትበታል ብዬ ነው።»

የምቀመጥበት አልነበረም። የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። ሾርባውን አሞቀና ለሁለት ከፈለው፤ በላን። ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ስጨርስ ሳህኑን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ራሴ አጠብኩት።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ተቀበሉኝ አለችኝ፣ እኔም እሰይ አልኳት። በሚቀጥለውም። የኣስካሉ ልቅሶ ተነሳ፣ ወንበሮቹ ወደ ምድር ቤት ተመለሱ። ተናኘ ጥቁሬን ለምን እንደማላወልቅ ጠየቀችኝ፤ ጎረቤቴን ብዬ ነው አልኳት፣ ጎበዝ አለችኝ።

በኋላ አንድ ቀን ለምሳ ስንወጣ ሰይፈ ገብርኤል የማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ብቻውን ነበር። በጠራራ ቀን፣ ደማቅ ሹራብ ለብሶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በእጁ ይዞ። ምንም ነገር እንዳይመስል አስቦበት የመጣ መሆኑን ሳይ፣ በዚያ ሁሉ መሀል ሳቄ መጣ። እሱም አወቀብኝና አብሮኝ ሳቀ።

«ናይሮቢ ገብቷል» አለኝ። «ከነልጆቹ።»

የሥራ ባልደረቦቼ እያለፉን ወጡ። አንዷ ቱርካዊት ዓይኗን ጠቀሰችኝ፤ ወዳጄ መስሏት።

ከዚያ የሚሆነውን ነገረኝ። መጽሔቷ ትታተማለች፤ ግን ከቤተሰቡ በፊት ማንም አያነባትም። ጋሽ ሐዲስ ጉለሌ ለሚያውቋቸው ቄስ በሰው በሰው መልእክት ልከዋል፤ የእድሩ ሽማግሎች እሑድ ማለዳ እናቴ ቤት ይገባሉ። ስንቅ እንዳትቋጥር ቀኑን ከእሑድ አላሳለፉትም። ይህን ሁሉ እንደ ሥራ ነገር በተረጋጋ ድምፅ ተናግሮ ሲጨርስ ዳቦውን ሰጠኝና፣ ላንቺስ ምን እናድርግልሽ አለኝ።

«ለኔም ኑ» አልኩት። «በማለዳ። ሦስታችሁም። እንደ ወጉ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ማንም ግን አልነገረኝም።»

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ጸጉሬን ፈታሁ። የበሩን መቆለፊያ ከፍቼ ገርበብ አደረግሁትና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ታች መኪና ቆመ። የጋሽ ሐዲስ እግር ከሁሉ ይከብዳል፣ በየደረጃው ያርፋል፤ የሰብለወንጌል ይከተላል፤ የሰይፈ ገብርኤል አይሰማም፣ እሱ ሁልጊዜም አይሰማም።

ገቡ። ጋሽ ሐዲስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ፊቴ ቆሙ።

«ጽጌ ልጄ» አሉኝ፣ «ወንድምሽ ሻምበል ተካልኝ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ያለኝን ሁሉ ፎቅ ላይ፣ ለማላውቀው ሰው አውጥቼው ነበር። ሰብለወንጌል ትከሻዬን ያዘች፣ ጠበቀችኝ። ጋሽ ሐዲስ ጠበቁኝ። ሰይፈ ገብርኤል ራቁቱን የቆመ ሰው ይመስል ወለሉን ያያል። ወንድሜ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ስሙ፣ አንድ የሚጮህለት አጣ።

ከደረጃው ላይ ድምፅ ተነሳ።

«ተካልኝ ሓወይ» አለች ኣስካሉ። ከበሯ ወጥታ በደረጃው አናት ላይ ነበረች፤ እንደ ነጋሲ ጊዜ ደረቷን እየደቃች ትወርዳለች። «ተካልኝ፣ መኮንኑ ተካልኝ፣ የጽጌ ተካልኝ።» ስሙን በራሷ አነጋገር ነው የምትለው፣ ሳትጣደፍ፣ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። ያን ሁሉ ሳምንት የዋጥኩት ስም በእሷ አፍ ከላይ እስከ ታች ወረደ። በሮች ተከፈቱ።

ከታችኛው ፎቅ የተናኘ ነጠላ ጫማ ሲሮጥ ሰማሁ።

«ማን ሞተ?» አለች።

በዚህ ጊዜ የመለስኩላት እኔ ነኝ።